የሐጃ ዘሀራ ሰማያዊ ጨርቅ

ልጅ ሳለሁ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ጉንዳን ላይ ነው የወደቀችው» ትል ነበር። የላብ አደሮች ቀን ሲቃረብ ደግሞ ይብስብኛል፤ ሰልፉ እስኪደርስ እህል አይወርድልኝም።

በዚያ ዓመት የኪነት ቡድናችንን የሚመራው መምህር የወሎዋን የሐይቅ ከተማ ጎዳና በአፍሪካ ልብስ ላስጊጥ ብሎ ተነሣ። ለእያንዳንዳችን አገር ሲደለድል ለእኔ ናይጄሪያ ደረሰችኝ። ልብሱ ምን እንደሚመስል ግን እሱም አላየም፤ ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭዳችሁ ግልድም ሥሩ አለን። አባቴ ይህን ሲሰማ «ሰው እንደ ጎጆ ሣር አይከደንም» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ገላዬን የሚሸፍን ልብስ ካልተገኘ ሰልፍ የለም ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ።

እናቴ ሲጨንቃት ጎረቤታችን ሐጃ ዘሀራ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። በንጉሡ ጊዜ መካ ደርሰው የተመለሱ ሴት ናቸውና ስንት አገር ሰው አይተው ይሆናል ብላ ነው። ሐጃ ሳቁ። «ናይጄሪያማ ጎረቤቴ ነበረች» አሉ። ለሐጅ መካ አጠገብ ሚና ላይ ሲሰፍሩ፣ ድንኳን ለድንኳን የነበረችውን ሴት ማለታቸው ነው። ቋንቋ ሳይግባቡ በእጅና በሳቅ ሲያወሩ ሰንብተው፣ ሲለያዩ ሐጃ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጧት፤ እሷም የራሷን ጨርቅ ሰጠቻቸው። ሳጥናቸውን ከፍተው አወጡት፤ ጥቁር እስኪመስል የጠለቀ ሰማያዊ ነው፣ የማናውቀው ሽቶ ይሸታል። የእናቴን ቀሚስ አልብሰው ከላዩ ወገቤ ላይ ጠቀለሉት፣ የተረፈውን በትከሻዬ አሳለፉት፣ ራሴን በሻሽ ከፍ አድርገው ጠመጠሙልኝ። እንደዚያች ሴት ቀጥ ብዬ እንድራመድ መከሩኝ፤ እኔ ግን መቁነጥነጤን አልተውኩም።

የሰልፉ ለታ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ደንገል የለበሱት ልጆች ገላቸውን ሲያኩ ዋሉ፤ ኬንያ የሆነችውንማ አንዲት ፍየል ከኋላ ተከትላ ግልድሟን ትግጥላት ጀመር። እኔ ደልቶኝ እየዘለልኩ ቤት ስገባ አንገቴና እጄ ሰማያዊ ሆኗል። እናቴ ጨርቁን ላብ ነክቶታል ብላ፣ የሰው ዕቃ አጥቦ መመለስ ወግ ነውና ሐይቁ ዳር ወርዳ በእንዶድ አሸችው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ጨርቁ አመድ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ሐጃ በደጃችን ሲያልፉ ድምፃችንን እናጠፋ ጀመር። ልቤ ዕረፍት አጣ። ሳጥናቸው ውስጥ ከዚያች ሴት የቀራቸው እሱ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምን ይሉን ይሆን እያልኩ እናቴን አደርቃታለሁ። በመጨረሻ ጨርቁን አጣጥፋ እጄን ይዛ ሄደች።

«ሐጃ፣ አፉ በሉኝ፤ አደራዎን አበላሸሁ።»

ሐጃ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት። «ሽታዋ ሄደ» አሉ ቀስ ብለው። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ። ሐጃ የእናቴን እጅ ያዙ።

«አብሽሪ፣ ልጄ። ይኼኔ እሷም የኔን አጥባዋለች።»

ጨርቁን ወደ ሳጥኑ አልመለሱትም። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት እናያቸው ነበር።

ባለፈው ሰሞን የልጄ ትምህርት ቤት የአፍሪካ ባህል ቀን አለና ልብስ አምጡ አለን። በስልክ ታዘዘ፣ ተሰፍቶ በፌስታል መጣ። እውነቱን ለመናገር ከኛው ሁሉ ያምራል፤ ልጄም አምሮባት ዋለች። ማታውኑ አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው፣ ማንም ስለሱ አልተጨነቀም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የጮኽነው መፈክር አንዱም አይታወሰኝም። ናይጄሪያ ሲባል ግን እስከ ዛሬ የምትታየኝ አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ የወሎ ነጠላ አጥባ ደጇ ላይ ስታሰጣ።