የእናቴ ቋንቋ በእንጀራ እናቴ አፍ

ልጅ ሳለሁ የእንጀራ እናቴን፣ እትዬ ብርነሽን፣ እጠላት ነበር፤ ሞታም አልታረቅኋትም። አንኮበር ያኔ ገና የንጉሥ ከተማ ነበረች። ማታ ማታ የሟች እናቴ እኅት፣ አክስቴ ዘነቡ፣ ከላይ ሰፈር ወርዳ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥና የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ ተረት ታወራልኝ ነበር። አባቴ አክስቴን ስለሚያከብራት እትዬ ብርነሽ ልትከለክላት አትደፍርም፤ ጥጓን ይዛ ጥጧን ትፈትላለች፣ ቃል አይወጣትም። ዱዳ ግንድ እላት ነበር በሆዴ።

የአክስቴ ተረት ሁሉ ከገደሉ ሥር ስለሚኖሩ፣ ከንፈር ስለሌላቸው ሰዎች ነበር። ቋንቋቸውን እሷና እናቴ በልጅነታቸው ውሃ ሲወርዱ ፈጥረውታል። ከንፈር የለማ፤ «መ» የለ፣ «በ» የለ፣ ሁሉም ከጉሮሮና ከምላስ ነው። እናት «ናኤ» ናት፣ ልጅ «ቲኤ»፤ ልጆች ለማለት «ቲኤቲኤ» ብሎ መድገም ነው። እኛ መጨረሻ ላይ የምናመጣውን የነገር ማሰሪያ፣ «መጣ»ውን «ሄደ»ውን፣ እነሱ ያስቀድሙታል። «ነበረ» የሚባል ነገርም አያውቁም፤ የሞተውም ያለውም እኩል አለ ነው የሚባለው። «ሄሳ ናኤ» ማለት «እናት አለች» ነው። ያኔ ጧፉ ሊያልቅ ሲል፣ ፍሙ ዳር ኩርምት ብዬ ይህችን ስደጋግም ሆዴ ይሞቅ ነበር። አባቴን፣ ቤቱን፣ የእናቴን ቀሚስ ሳይቀር ያቺ ሴት ወስዳለች፤ ቋንቋው ግን የኔ ብቻ ነው እል ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲሄድ አክስቴ ወታደር ባሏን ተከትላ ሄደች፤ ከርሞ መርዶዋ መጣ። በለቅሶው ሰሞን እትዬ ብርነሽ ድስቱን በደንብ አላጠብሽም ብላ ተቆጣችኝ። እኔም እንደማይገባት አምኜ፣ በዚያ ቋንቋ፣ አንቺ ግንድ፣ ገደል ግቢ አልኳት። እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም።

«‹ግቢ› የሚለው ይቀድማል፤ ከዚያ ነው ገደሉ» አለችኝ፣ በዚያው ቋንቋ።

ደሜ ፈላ። ለካ ያን ሁሉ ማታ እያዳመጠች ኖሯል! የእናቴ ነው፣ አፍሽን አታስገቢበት ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ግን ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«እናትሽም አክስትሽም አፈር ሆነዋል። ከኔ ጋር ካልተናገርሽው ከማን ጋር ልትናገሪው ነው?»

እልኸኛ ነኝና አንድ ቃል ላልተነፍስ ማልኩ። ክረምቱ ሲገባ ግን ቃሎቹ ይጠፉኝ ጀመር። መጀመሪያ ጨው ጠፋኝ፣ ቀጥሎ ጭስ። ነገ ደግሞ «ናኤ» ይጠፋኛል ብዬ ፈራሁ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄድኩና፣ እትዬ፣ ጨው ምን ነበር የሚባለው አልኳት። ነገረችኝ። መስደቡን ስደቢኝ፣ ግን አጥርተሽ ስደቢኝ ብላ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲያ እስክዳር ድረስ በየማታው፣ ከተዳርኩም በኋላ ስጠይቃት፣ በዚያ ቋንቋ ተነታረክን። አንድም ደግ ቃል አልተለዋወጥንበትም። ልጆቼን ላስተምር ብል ሳቁብኝ።

ስትሞት ቀብሯ ላይ እንባ አልመጣልኝም፤ ማስመሰሉም አልሆነልኝ። ከለቀስተኛው ተለይቼ ቤቷ ገባሁና ልማድ ሆኖብኝ ወደዚያ ወደ ጥጓ ዞሬ የድሮ ስድቤን ማሰሪያውን አስቀድሜ፣ አጥርቼ ሰደብኳት። ዝም አለ ቤቱ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፣ እያናደደኝ።

ዛሬም ምድጃ ዳር ስሆን «ሄሳ ናኤ» እላለሁ። ብሳሳት የሚያርመኝ የለም።