የሆሳዕናው ነጋሪት ጎሳሚ

ብሩ ወንዳፈረው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆሳዕና ነጋሪት ጎሳሚ ነበር። ሹም ሲሻር፣ ሹም ሲሾም፣ ግብር ሲጨመር፣ ሰው ሲገረፍ፣ ወሬው መጀመሪያ የሚወጣው ከእሱ ክንድ ነው። ከጃጁራ እስከ ቦኖሻ ያለ ገበሬ በስሙ አይጠራውም፤ «ክፉ ወሬ መጣ» ይላል እንጂ። ገበያ ሲገባ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። ሥራውን ግን ለምኖ አላገኘውም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ መንግሥትን ዋሸ፤ መንግሥትም ውሸቱን ትቶ ሰውየውን ወሰደው።

ነገሩ የሆነው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መስከረም አዲስ አበባ ላይ አንዱ ጌታ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። ለምን እንደወረደና ለምን እንደወጣ ለሆሳዕና ሰው ያስረዳ አልነበረም። ለማን እንደሚሞት ግን ወዲያው በነጋሪት ተነገረው። የብሩ አባት ወንዳፈረው ከቡልጋ ከዘማች ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ ነፍጠኛ ነው። ለጀግንነቱ አምስት አባወራ ገባር ተሰጥቶታል፤ ያን ጊዜ ሰው ለሰው እንደ ሙክት ይሸለም ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ለአዲሱ መንግሥት ሊዋጋ ጠመንጃውን አንግቦ በበቅሎው ወጣ። ከሰገሌ ሜዳ የተመለሰችው በቅሎዋ ብቻ ናት።

ሚስቱ እህተማርያም አንድ ልጅ ቀራት፤ ያውም አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው። በኅዳር መጀመሪያ ቀኛዝማች ገብረ ሥላሴ የሚባል አዲስ ሹም ከድል አድራጊዎቹ ወገን ተሾሞ ገባ። አሮጌው ሹም የወረደው ጌታ ወዳጅ ነው ተብሎ ስለተጠረጠረ ነጋሪት ጎሳሚውን ፋንታዬን ሳይቀር አስከትሎ ሸሽቷል። ቀኛዝማች የሸሸውን የሚያሳድድ ጦር ሊያስከትት ነው፣ የሟች ልጅም በአባቱ መሬት ፈንታ ይዘምታል የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው።

እህተማርያም አሰበች። በዚያ አገር ሕግ ማለት ድምፅ ነበር። ነጋሪት ያልተጎሰመለት አዋጅ የገበያ ወሬ ነው፤ ያልሰማ አይቀጣም። እንግዲህ ነጋሪቱ ዝም ካለ ልጇን ማን ይጠራዋል? ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ሞኝነት አይደለም። መኳንንቱስ ሥልጣናቸው ያለው ከዚያ ቆዳ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ የለ!

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሲወጣ ለሹሙ ግቢ ዘበኞች ዳቦ ይዛ ሄደች። ሌማቱን ተሸክሞ እስከ በሩ የሸኛት ላምቤቦ ነው፤ የሆመቾ ሰው፣ ከአምስቱ ገባሮች አንዱ። ብሩ ልጅ ሳለ በትከሻው እየተሸከመ ያሳደገው፣ ሀዲይኛም ያስተማረው እሱ ነው። ዘበኞቹ ዳቦውን ሲሻሙ እህተማርያም ነጋሪቱ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ገብታ ወጣች። ቤት ስትደርስ ለልጇ ነገረችው።

«ነጋሪቱን ቀደድኩት» አለችው፣ ሽንኩርት ላጥሁ እንደማለት።

«በምን?»

«በዳቦው ካራ። አባትህን ጠርቶ ወሰደ። አንተን አይጠራም።»

ቀኛዝማች አዋጁን ሊያስነግር ሲል የተገኘው ለሁለት የተተረተረ ቆዳ ነው። ጦር አልተመታም፣ ግምጃ ቤት አልተዘረፈም፤ መንግሥቱ ግን ድዳ ሆነ። ወዲያው አውጫጭኝ ታዘዘ። አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው እስኪታወቅ የአገሩን ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ማጎር ነው። መንግሥት ራሱ መፈለግ ሲያቅተው ሰዉን አስርቦ እንዲፈልግለት ያደርጋል። ከየቤቱ አንድ አባወራ እንዲወጣ ጭቃ ሹሙ ወልደ ሰንበት እየዞረ አዘዘ። እህተማርያም ልጄ ገና ልጅ ነው ብላ ተከራከረች።

«አባቱ ሞቶ የለም እንዴ፣ እሜቴ?» አላት ወልደ ሰንበት። «እንግዲያው አባወራው እሱ ነው።»

ብሩ ለአካለ መጠን የደረሰው እንዲህ ነው። ሳይድሩት፣ ሳይመርቁት፣ በጭቃ ሹም አፍ።

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሜዳው ላይ ካለው ዝግባ ሥር በአጥር ውስጥ ታጎሩ። ገብሱ በየማሳው ረገፈ፣ ዝንጀሮ ያለ ከልካይ በላ። ሴቶች ስንቅ ያመጣሉ፤ እህተማርያምም ታመጣለች። ዘበኞቹ ሌማቷን እየከፈቱ ይፈትሻሉ፣ አንዳንዴም ይቀምሳሉ። ጥፋተኛዋ በየቀኑ በአጥሩ በኩል እየመጣች ትመለሳለች፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም። መንግሥት ሴት እጅ እንዳላት አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወፍ ተጠየቀች። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ የሚጠረጥረውን በጆሮ ይናገራል፤ ስሙ እንዳይነሳ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ያቺ ወፍ ዕድሜዋን ሙሉ በባለ ርስት ጣራ ላይ አርፋ አታውቅም። የምታርፈው ዘመድና ጠበቃ በሌለው ጎጆ ላይ ነው። አሁንም ላምቤቦ ላይ አረፈች። ምክንያት አልጠፋም። በዓሉ ዕለት በግቢው በር ታይቷል። ደግሞም ነጋሪቱ የተለጎመበት ቆዳ ከሁለት ዓመት በፊት ለግብር ተብሎ የተነዳ የእሱ በሬ ቆዳ ነው፤ በሬው ሲነዳ አልቅሷል። ያለቀሰ ሰው በዚያ አገር ቂመኛ ይባላል።

ላምቤቦን ወደ መሃል አወጡት። አድርገሃል ወይ ሲባል አላደረግሁም አለ፤ ማን አደረገ ሲባል ዝም አለ። አርባ ጅራፍ ሊፈረድበት ሲል ብሩ ተነሣ።

«የቀደድኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ እስከ ሜዳው ጫፍ ተሰማ።

ከወዲያኛው አጥር እናቱ ባዶ ሌማቷን ታቅፋ ቆማለች።

ቀኛዝማች ሳቀ። «አባትህ ለዚህ መንግሥት ሞቶ፣ አንተ ነጋሪቱን ትቀድዳለህ? ጌታውን ለማዳን የሚዋሽ ገባር ብዙ አይቻለሁ። ለገባሩ የሚዋሽ ጌታ ግን ዛሬ አየሁ» አለ። የታጎረውም ሰው ሳቀ፤ ሦስት ቀን የተራበ ሰው ሹም ሲስቅ ካልሳቀ አራተኛውን ቀን ይፈራል።

ብሩ እናቱን አየ። እውነቱን ከተናገረ ጅራፉ ወደ እሷ ይዞራል። አፉን ከፈተ፣ መልሶም ገጠመው። ላምቤቦ ይህን አይቶ በሀዲይኛ አንድ ነገር አለው፤

«ተቀመጥ ልጄ። ይበቃሃል።»

እህተማርያም አልተናገረችም። ልናገር ነበር፣ እግሬም ተነሥቶ ነበር በልቧ ስትል ኖራለች። እግሯ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። አፏ ግን አልተነሣም።

ቀኛዝማች ግን ያን ድምፅ አልረሳውም። ፋንታዬ ከሸሸ ጎሳሚ የለም፤ እንዲህ ያለ ጉሮሮና ክንድ ያለው የሟች ልጅ ደግሞ በእጁ አለ። ብሩን እዚያው ሾመው። እናቱ ነጋሪቱ ልጇን እንዳይጠራባት ቀደደችው፤ በመቅደዷም ልጇን ለነጋሪቱ ሰጠችው። አዲሱ ቆዳም ሩቅ አልተፈለገም። ላምቤቦ አንድ በሬ ቀርቶት ነበር።

ያ የማሳደድ ዘመቻ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ፤ የሸሸው ሹም ገብቶ ታረቀ፣ ሌላ አገርም ተሾመ። ብሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎሰመው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው፣ ሰው መጥቶ የላምቤቦን ግርፋት እንዲያይ። መምታቱን ሲያዘገይ ዱላ አሳዩት፤ ጎሰመ። ላምቤቦ በቃሬዛ ሆመቾ ተወሰደ፤ ፋሲካን አላየም። ብሩ ለቅሶ ሄደ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም «ተቀመጥ» አላለውም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆሞ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ አላገባም። ለምን ሲሉት፣ «ልጄን ራሴ እንድጠራው ነው?» ይል ነበር። እናቱ ነጋሪት በተጎሰመ ቁጥር ጆሮዋን በጥጥ ትደፍናለች። በአንድ ጣራ ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲኖሩ የላምቤቦን ስም አንዳቸውም አላነሡም።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ድንበር ጥሶ ገባ፣ የክተት አዋጅም መጣ። ብሩ ጎሰመ፤ ከየመንደሩ የሰው ልጅ ወጣ፣ ያቺ ወፍ ስማቸውን ስትጠራ የኖረቻቸው ገባሮች ልጆች ጭምር። የላምቤቦ ልጅ ጦር ይዞ በነጋሪቱ ፊት አለፈ። ብሩ የመምቻውን ዱላ አስቀምጦ ቤቱ ገባና የአባቱን ዝናር አወረደ። እህተማርያም በሩ ላይ ቆመችበት።

«አንተ ጎሳሚ ነህ፤ አዋጁ አንተን አይጠራም» አለችው።

«የሰው ልጅ ጠርቼ ቤቴ ልቀመጥ፣ እማዬ?»

ከበሩ ዞር አለች። ብሩ ዘመተ፣ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራት የለም። በዚህኛው ጊዜ በቅሎ እንኳ አልመጣም።

ተዝካሩን ካወጣች በኋላ እህተማርያም ምርኩዟን ይዛ ለብቻዋ ሆመቾ ወረደች። የላምቤቦ ሚስት ደጃፏ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ እንሰት ትፍቃለች፤ እሷም ልጇ ከዘመቻ አልተመለሰላትም። እህተማርያም ሳትቀመጥ፣ እንደ ተከሳሽ ቆማ፣ ነጋሪቱን የቀደደችው እሷ መሆኗን በተሰባበረ ሀዲይኛ ተናገረች።

ሴትየዋ ሥራዋን አላቋረጠችም።

«እናውቃለን» አለች። «ከግቢው ስትወጪ ካራሽን ተቀብሎ የጠረገልሽ እሱ ነው። በበዓሉ ማግስት መጥቶ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለ?»

«ልጅሽ ያለ እናት እንዳይቀር።»

የላምቤቦ ሚስት የፋቀችውን እንሰት ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት።