ፊቷን ያላየሁት ደንበኛ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ መካኒሳ አቦ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፣ የሰው አልጋ እየፈታሁ ስገጥም ነው የተማርኩት። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ ኮሌጅ ገብታ ማርኬቲንግ አጥንታ ሥራ ያጣች። ሦስተኛው ደላላው ነው፤ ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ ገዢ በእግሩ እየመራ ያመጣልኛል፣ ኮሚሽኑን ይወስዳል። አራተኛዋን ሴት እስከ ዛሬ አይቻት አላውቅም።

ልጄ የሠራኋቸውን አልጋዎች ፎቶ አንስታ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተች። ብዙ ሰው እንዲያየውም ካጠራቀመችው ላይ ለማስታወቂያ ሁለት ሺህ ብር ከፈለች።

"ለማን ነው የከፈልሽው?" አልኳት።

"ለማስታወቂያው ነው አባዬ።"

"ማስታወቂያው እጅ አለው?"

ሰው ዕቃ የሚገዛው እንጨቱን በጣቱ አንኳኩቶ፣ የሻጩን ዓይን አይቶ ነው ብዬ አምን ነበር። ደላላውም ነገሩ አልጣመውም። "ልጅህ እንጀራዬን በስልክ ልትበላው ነው" እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

አንድ ቀን ሐዋሳ የምትሠራ ሴት ለልጄ ጻፈችላት። ለቡ ከታናሽ እህቷ ጋር የሚኖሩት እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ቅዳሜ ከሆስፒታል ይወጣሉ፤ ሐኪሙ ዝቅ ያለ አልጋ ላይ እንዳይተኙ አስጠንቅቋል። ሴትዮዋ የከፍታውን ልክ ልካ፣ ከቅዳሜ በፊት እንዲደርስላት ለምና፣ የዋጋውን ግማሽ አሥራ አምስት ሺህ ብር በባንክ ቀብድ ሰደደች። ልጄ ደስ ብሏት እኔን ሳትጠይቅ እንጨቱን አስቆረጠች።

እኔ ባንክ ሄድኩ። በስልክ በተላከለት የውሸት ደረሰኝ ዕቃውን ያስረከበ የሰፈራችንን ባለሱቅ አውቃለሁ። ገንዘቡ ግን በእርግጥ ገብቷል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። አይታ የማታውቀኝ ሴት ይህን ያህል ብር እንዴት ትልካለች? የተሰረቀ ገንዘብ ቢሆንና ነገ ፖሊስ በሬን ቢያንኳኳስ?

"ዋስ ትጥራ" አልኩ።

"ለአልጋ? አባዬ፣ ብሯን የሰጠችን እሷ ናት። ዋስ መጥራት ያለብን እኛ ነን።"

እውነቷን ነበር፤ አልሰማኋትም። ደላላውን ጠርቼ የታክሲ ሰጠሁትና "ለቡ ሂድ፤ ቤቱንም ሰዎቹንም እይልኝ" አልኩት። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

"ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤትም አያውቃቸው" አለ።

ፊቱን አየሁት። ዓይኑን አልሰበረም። ለዓመታት የማውቀው ፊት ነው፤ አመንኩት። ቀብዱን በማግስቱ ለሴትዮዋ መለስኩላት። ልጄ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ የተቆረጡትን ረጃጅም የአልጋ እግሮች ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወጣች።

እሁድ ከሴትዮዋ መልእክት መጣ። "አባትሽ የላኩት ሰው፣ እሳቸው ሥራ አቁመዋል ብሎ እህቴን ሌላ አናጺ ጋ ወሰዳት" ይላል። እዚያ ተሠርቶ የተገኘው ተራ፣ ዝቅ ያለ አልጋ ነው፤ እናትየው ከሆስፒታል ወጥተው በብሎኬት ከፍ ያደረጉት አልጋ ላይ ተኝተዋል።

ደላላው ሰኞ እንደ ወትሮው መጣ።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"አየህ ወንድሜ፣ አንተ ሰላይ አድርገህ ላክኸኝ። እኔ ደላላ ነኝ። ገዢ ካገኘሁ ከሻጭ አገናኛለሁ።"

"የእኔ ገዢ እኮ ናት።"

"ያንተ ብትሆን ማንነቷን አጣራ ብለህ ትልከኝ ነበር?"

ከበሬ እንዲርቅ ነገርኩት። ሰውን በዓይኑ መመዘን ጥሩ ነው፤ ግን ዓይንም እንደ ደረሰኙ ይዋሻል። ስልኩን ዛሬም አላምነውም፤ ሳላጣራ ማንንም ሌባ ማለት ግን ራሱ ስርቆት ነው።

ልጄ ቻናሉን አልዘጋችውም። የምትለጥፈው ግን ጎፋ ያለ የሌላ አናጺ አልጋ ነው፤ በየወሩ ደመወዝ ይከፍላታል።

በሰው ልክ የተቆረጠው እንጨት ለሌላ አልሆነም፣ ስምንት ሺህ ከሰርኩ። የልጄ ማስታወቂያ ሁለት ሺህ ነው። ሴትዮዋ ለሌላው አናጺ ከእኔ ዋጋ በላይ ስድስት ሺህ ጨምራለች። ደላላውም በዚያው ወር ከእኔ ያገኝ የነበረውን ሁለት ሺህ አጥቷል። ሁላችንን በድምሩ ያስወጣን አሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው።