ከእቅድ በላይ የተቆለፈ ሹራብ

በደርግ ዘመን ጉለሌ ውስጥ በአንድ ልዩ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር፤ በወቅቱ አጠራር «ዘገምተኛ» የሚባሉ ልጆችን። ቃሉን አልወደውም ነበር። ከእኔ ተማሪዎች ይልቅ ዘገምተኛው ለደብዳቤያችን መልስ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው።

የእያንዳንዱ ልጅ እድገት በእቅድ ይመራ ነበር። ቅጹ ለፋብሪካ የተዘጋጀ ስለሆነ «የምርት ዓይነት» የሚለውን ሰርዘን «ተማሪ» እንጽፍበታለን። ከዚያ «የታቀደ»፣ «የተከናወነ»፣ «ያልተከናወነበት ምክንያት» ይላል። ዛሬ በዚያ ቅጽ የማይስቅ የለም። እኔ ግን እሟገትለታለሁ፤ አንዲት ልጅ ስንት ቁልፍ መቆለፍ እንደምትችል መንግሥት በማኅተም ሲጠይቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ልጅቷ የአንዲት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሹራቧ አምስት ቁልፍ ስላለው የዓመቱን እቅዷን «አምስት ቁልፍ ራሷ ትቆልፋለች» ብዬ ጻፍኩ። ከመስከረም እስከ ግንቦት በአምስቱ ቁልፍ ሁለታችንም አለቅን። የላይኛውን ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ትከትና በዚያው ስህተት በታማኝነት እስከ ታች ትወርዳለች። ሰኔ ሲገባ ግን አንድ ቀን አምስቱም ቦታቸውን ያዙ። እናቷ ይህን ስትሰማ የትምህርት ቤቱን በር ተሳለመች።

ሪፖርቴን ለዳይሬክተሩ ወሰድኩ። ጡረታቸው የቀረበ ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

«አምስት ታቅዶ አምስት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ሁሉንም ቆለፈች።»

«ልጄ፣ ሲሚንቶው ከእቅድ በላይ፣ ጨርቁ ከእቅድ በላይ፣ የእኛዋ ልጅ ልክ በልኩ? አድሃሪ ልታሰኘን ነው? ስድስት በለው።»

«ሹራቡ ያለው አምስት ነው እኮ!»

«ሹራብ ማን ይቆጥራል?»

ጻፍኩ። ሁሉም እንደዚያ ይጽፍ ነበር።

ሹራብ የሚቆጥረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መጣ። ሰማያዊ ካኪ የለበሱ፣ ፊታቸው የማይፈታ ጓድ ነበሩ። ክፍላችንን ለስብሰባ አዳራሽነት እንደሚፈልጉት እናውቃለን፤ ሪፖርቱ ሐሰት ከሆነ ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጅቷም እንደ ድሮው እናቷ ገበያ ስትወጣ ብቻዋን ቤት ትውላለች። እናትየው ይህን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

ልጅቷ ጀመረች። አንድ። ሁለት። ጓዱ ሰዓታቸውን አዩ። ሦስት ላይ ዳይሬክተሩ ላባቸውን ጠረጉ። አምስተኛው ሲገባ ልጅቷ ቀና አለች።

«ስድስተኛውስ የታል፣ ጓድ መምህር?» አሉኝ ጓዱ።

ስድስተኛውን እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሹራቡ ጎንበስ አልኩ።

ልጅቷ ግን ጓዱን እያየች ነበር። ሄዳ ፊታቸው ቆመች። የካኪያቸው የላይኛዎቹ ሁለት ቁልፎች ክፍት ናቸው።

«አንተ!» አለቻቸው። «እርስዎ» ማለት በዚያ ዓመት እቅዳችን ውስጥ አልነበረም። «ብርድ ይመታሃል!»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች እናትየው ከበሩ።

ልጅቷ ምላሷን በጥርሷ ይዛ የላይኛውን ቁልፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ከተተችው። የጓዱ ኮሌታ ተጣመመ። ቁልፉን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አልፈቱትም። «ስድስት፤ በዓይን ተረጋግጧል» ብለው ፈረሙና ኮሌታቸው እንደተጣመመ ወጡ። የነገራቸው ሰው የለም።

ክፍሉ ተረፈ። በመስከረም የአዲሱ ዓመት እቅድ ከላይ ተሞልቶ መጣ፦ ሰባት ቁልፍ።

ለእናትየው ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ አምስቱ የሷ ነው፤ አንዱን ጓዱ ሰጡ» አለች። «እርስዎስ?»

ያን ዓመት በሙሉ የኮቴን አንድ ቁልፍ ሳልቆልፍ ክፍል ገባሁ።