የእናቴ ፊት በከሰል

ዛሬ ቀራንዮ ከሰል ልገዛ ወጥቼ፣ እጄን ጆንያው ውስጥ ስከት ጣቶቼ ጠቆሩ። ባለሱቁ ውሃ ላፍስስልሽ ቢለኝ ተወው አልኩት። ያ ደረቅ የብናኝ ሽታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት ወሰደኝ።

ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴል ስዕል እማር ነበር። አስተማሪያችን የጀሶ ጭንቅላት ላይ ጨርቅ ጣል ያደርግና መጀመሪያ ወረቀቱን በሙሉ በከሰል አጥቁሩት ይለን ነበር። ከዚያ የዳቦውን ለስላሳ ውስጥ በጣታችን አድቦልቡለን፣ ብርሃን ያረፈበትን ቦታ እየነካን ከሰሉን እናነሳለን። አንድ ቀን ደግሞ ቤታችሁ ነጠላ የለበሰ ሰው ስላችሁ አምጡ አለን።

እኔ ቤት ያለችው እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ እሷ ግን ጥቁሯን አውልቃለች። የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ናት፤ ጥቁር ለብሳ ሙሽራ ብትለካ ማን ይመጣላታል? የሰፈሩ ሰው ያማት ጀመር። የአባቴ ታላቅ ወንድምም በየእሑዱ እየመጣ ጥቁርሽን መልሰሽ ልበሺ ይላት ነበር። የሞተው እኮ የእሷ ባል ነው፤ ሐዘኗን ማን ይለካላታል?

መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። ነጠላዋን ራሷ ላይ ላላ ስላደረገችው የፊት ፀጉሯ ይታያል። የእጥፋቱ ጥላ ጉንጯ ላይ ወድቆ፣ ግንባሯ ግን በርቷል። ያጠቆርኩትን ወረቀት በዳቦው ነካ ነካ ሳደርገው እናቴ ራሷ ከጥቁሩ ውስጥ ወጣች። ከአባቴ ቀብር ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

እሑድ አጎቴ ስዕሉን አየው። "ባሏ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ገልጣ ትሳላለች?" አለና መዳፉን ፊቷ ላይ ጎተተው። ከሰል ወረቀት ላይ አይጸናም፤ ፊቷ ባንዴ ጠፋ። እኔ አለቀስኩ። እናቴ ግን ለእጁ መታጠቢያ ውሃ አቀረበችለት፤ ከዚያ ቦታዋ ተመልሳ ነጠላውን ከበፊቱም ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው።

"እንደገና ሳይኝ" አለችኝ። ቀጥላም ወደ እሱ ዞር ብላ፣ "ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ጊዜ ይወስዳል" አለችው።

አልተቀመጠም፤ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። እሷም ሁለተኛውን ስዕል መስታወት አስገብታ፣ እሱ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት ሰቀለችው። እሑድ መምጣቱን አልተወም፤ የጥቁሩን ነገር ግን ዳግመኛ አላነሳም።

ባለፈው ዓመት እናቴ ስታርፍ፣ ዘመዶች ስዕሉ ይውረድና ተሸፋፍና የተነሳችው ፎቶ ይሰቀል አሉ። አይወርድም አልኩ። ቢቆጡም አልወረደም።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ያንን ፊት ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ አልመጣልኝም። አሁን ደግሞ መስኮቱ አጠገብ የሚቀመጥልኝ የለም።