አባቴን በደብዳቤ የገደልኩበት ክረምት

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ያገኘልኝ የዴንማርክ የብዕር ጓደኛዬ አንድ ሐሳብ አመጣች፤ ዕረፍታችንን በደብዳቤ አብረን እናሳልፍ። እሷ የየሳምንቷን ትጽፍልኛለች፣ እኔም የእኔን። ክረምት እንላለን እንጂ እኔ የምኖርበት ሐርጌሳ በዚያ ወቅት ነፋስና አቧራ ነው። እሷ ግን የባሕር ዳርቻ ቤት፣ ጀልባና ብስክሌት ነበራት።

እኔ የነበረኝ አባቴ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ሥራ ፍለጋ ከአገራችን ይዞኝ መጥቶ፣ አሕመድ ዳጋህ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግንበኛ ነው፤ በቦምብ የፈረሱ ቤቶችን መልሶ ያቆማል። በዚያ ዓመት ደግሞ እንደገና ጦርነት ተነሣና በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ይሰማ ጀመር። ለእኛ ጦርነት ማለት ግን በአብዛኛው ቤት መቀመጥ ነበር። ውሃ ቀዳሁ፣ ሲሚንቶ የደረቀበት ሱሪ አጠብኩ፣ ሽሮ ሠራሁ ብዬ ልጻፍላት?

በሦስተኛው ደብዳቤዋ፣ «ከተማችሁ ውስጥ ጦርነት አለ ሲባል በቴሌቪዥን ሰማሁ፤ ለምን አትነግሪኝም?» አለችኝ። ቀንቼባት ነበር፣ ጉራም አማረኝ። ቁጭ አልኩና አባቴ ሥራ ላይ እንዳለ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ሞተ ብዬ ጻፍኩ። በዚያም አልበቃኝም፤ ቀብሩንም ለቅሶውንም አከልኩበት። የአገሬ ሰው እንዲህ ያለውን በቀልድ እንኳ ብናገር «አታሟርቺ!» ብሎ አፌን ያስይዘኝ ነበር። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ለመዶሻው እጀታ ይጠርብ ነበር። ቀና ብሎ፣ «ለጓደኛሽ ነው? ሰላም በያት» አለኝ።

ከተማው ውስጥ ፖስታ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ደብዳቤያችንን ወደ ጅጅጋ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ወስዶ እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባዋል፤ መልሱንም ይዞ ይመጣል። በየኬላው ታጣቂዎች ስለሚከፍቱት የታሸገ ነገር እጃችን አይገባም።

ከወር በኋላ ሹፌሩ መልሱን የሰጠው ለአባቴ ነው። እየሮጠ ሊመጣ ምንም አልቀረው፤ «ፎቶም አለው! አንብቢልኝ እስኪ» አለኝ። ፎቶው ላይ ቤተሰቡ በሙሉ የበራ ሻማ ከበው ቆመዋል። ልጅቷ ሁላችንም አልቅሰናል ትላለች። እናቷ ከታች በእጇ ጨምራለች፤ ሻማው ለአባትሽ ነፍስ ነው። በእኛ ወግ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ተጠንቅቆ ነው። እኔ የአባቴን መርዶ ለራሱ ለአባቴ ላነብ ቆሜያለሁ።

«ምን ይላሉ?»

«ሰላም ይሉሃል።»

«ሻማውስ?»

«በዓል ነው አባዬ።»

«ወይ ደጋግ ሰዎች!» አለና ፎቶውን በምስማር ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ «ራሴ ካልመለስኩላቸው» አለ። «ሰላም ላለ ሰው ዝም አይባልም።» በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማራት ፊደል፣ ምላሱን ነክሶ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ጻፈ። «እኔ ደህና ነኝ። ልጄን ስለወደዳችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከዚያ፣ «በእንግሊዝኛ ገልብጪና የእኔንም አብረሽ ላኪ፤ የእጄን ጽሑፍ ይዩት» አለኝ።

እንዴት ብዬ ልላከው? የሞተ ሰው ደህና ነኝ ይላል? እውነቱን ጽፌ ይቅርታ መጠየቅ እችል ነበር፤ ውሸታም ከምባል ብዬ ተውኩት። ወረቀቱን የከሰል እሳት ውስጥ ጨምሬ ሹፌሩ ወሰደው አልኩት። ልጅቷም ደግማ አልጻፈችም፤ ዝምታዬን ሐዘን አድርጋው ይሆናል።

እሱ ግን ጠበቀ። ሹፌሩ በመጣ ቁጥር፣ «ከዴንማርኮቹ የለም?» ይለዋል። የለም። ጦርነቱ አለቀ፣ አገራችን ገባን፣ አረጀ። ነገሩን ረስቶታል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ እንዲሁ ከመሬት ተነሥቶ፣

«እነዚያ ሰዎች ሳይመልሱልኝ ቀሩ» አለኝ። «ጽሑፌን ንቀውት ይሆን? የመሃይም ጽሑፍ ነው ብለው?»

አሁን ልንገረው ብዬ ነበር፤ ወጥ ጨመርኩለት።

«አባዬ፣ ጽሑፍህ በጣም ያምር ነበር» አልኩት።

ስዋሸው ሁሉንም ያመነኝ ሰው፣ ይቺን አንዷን እውነት ግን አላመነኝም።