አፌን ይዛብኝ የሄደችው ኻድራ

ኻድራ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ኤሲ ያለው ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ትሠራለች። እኔ፣ በሎጂስቲክስ ዲግሪ የተመረቅኩት ኑሀሚን ነጋ፣ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ እናቴ ቤት ማራገቢያ ስር ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። ሰው ሁሉ "እሰይ፣ ጓደኛሽ ተሳካላት" ይለኛል። አዎ፣ ተሳካላት። በእኔ ቃለ መጠይቅ ነው የተሳካላት።

ለማያውቃት ልንገር። አንድ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሆንላት ሲቀር እናቷ ሱቅ ገብታ ድሪያ ቀሚስና ሽቶ መሸጥ ጀመረች። ረጅም ናት፣ ፈጣን ናት፣ ሰው ሳይስቅባት ቀድማ በራሷ ትስቃለች። ሶማሊኛ የእናቷ ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ ከሰፈር፣ ዐረብኛ ከቁርአን ቤትና ከነጋዴዎች ለቅማለች። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ በምን ቋንቋ እንደሚከራከራት ታውቃለች። እኔ ያለኝ አማርኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛም አለኝ እንዳልል ወረቀት ላይ እንጂ አፌ ላይ የለም፤ መምህሮቻችን ስላይዱን በእንግሊዝኛ ከፍተው የሚያስረዱን በአማርኛ ነበር።

ድሬ ተወልደሽ ሶማሊኛ አለመቻል እንዴት ይሆናል የሚለኝ አለ። ለምን አይሆንም? ኻድራ እያለች ምን አስቸኮለኝ? እኛ ሰፈር ቋንቋን እንደ ጨው እንዋዋሳለን። እናቴ ሙሉነሽ ከዋሂል ከምትመጣው ወተት ሻጭ ጋር ስትጨቃጨቅ የኻድራን እናት ትጠራለች፤ የኻድራ እናት ቀበሌ ጉዳይ ሲኖራት እኔን አስከትላ ትሄዳለች። ትልቅ ጉዳይ ያለው ሰው አፍ የሚሆነውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም አይታዘበውም።

ስለዚህ ሊባን የሚባለው ሰውዬ ሲመጣ ኻድራን ይዤ ሄድኩ። ሊባን ጅቡቲ ውስጥ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት አለው። ለዘመድ ሠርግ ድሬ ብቅ ባለበት፣ የተመረቀች ጀማሪ ሠራተኛ እንደሚፈልግ የሰፈራችን ባለሱቅ ወርሳሜ ሰምቶ ነገረኝ፣ ቀጠሮውንም ያዘልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ልምድ አምጪ እየተባልኩ ስመለስ ለነበርኩት ለእኔ ይኼ ተራ ወሬ አልነበረም። ፓስፖርቴን ሳይቀር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

መጋላ በኩል አንድ ሆቴል ግቢ ዛፍ ስር ተቀመጥን። ሊባን በእንግሊዝኛ ስለ ራሴ እንድነግረው ጠየቀኝ። ስሜን ተናገርኩ፣ የተመረቅኩበትን ተናገርኩ፣ ከዚያ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ኻድራ አየችኝና እንደ ሁልጊዜው በሶማሊኛ ገባችልኝ። የሰውየው ፊት ተፈታ። መጀመሪያ ላይ የጠየቀውን ትነግረኛለች፣ የመለስኩትን ታደርስልኛለች። ቆይታ ግን መተርጎሙን ረሳችው። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ይሳሳቃሉ። መሀል ላይ ስልክ ተደወለለትና በዐረብኛ ሲያወራ የሆነ ቃል ጠፋበት፤ ወደ ኻድራ ዞረ፣ አቀበለችው። እኔ በገዛ ቃለ መጠይቄ ላይ የማንጎ ጭማቂዬን እየጠጣሁ እንደ እንግዳ ተቀምጫለሁ።

በባጃጅ ስንመለስ ምን ተባባላችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ደህና ነው፣ ይደውላል አለች። የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ሰፈር ገባን። ሰውየው በማግስቱ ደወለ። ለእሷ።

አልደብቅም፣ አንጀቴ እርር አለ። ዲግሪው የእኔ፣ ቀጠሮው የእኔ፣ ሥራው የእሷ! እናቴ ደግሞ ልጅቷ መናገር ትችላለች፣ ምን ታድርግ ብላ ጭራሽ አባሰችው። ኻድራ ራሷ ቤታችን መጥታ፣ አልሄድም ብዬዋለሁ፣ ቦታው ያንቺ ነው፣ አንቺን እንዲወስድ ለምኜዋለሁ ብላ ወላሂ እያለች ማለች። ምኑን ልመን? የተነጋገሩትን አልሰማሁ። ምስክሯ ራሷ ብቻ ናት።

"በቋንቋሽ ሸጥሽኝ" አልኳት።

አልተቆጣችም። አየችኝ፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወጣች። አልሄድም ስትል የነበረችው ልጅ በዚያው ሳምንት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዋትሳፕ ላይ የምትለጥፈውን አንድ ሳላስቀር አያለሁ። ባሕሩን፣ ጠረጴዛዋን፣ አንገቷ ላይ ያጠለቀችውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ። መታወቂያውን አጉልቼ አየዋለሁ። ማየቴን እንደምታውቅ እያወቅኩ አያለሁ፣ አንድ ቃል ግን አልጽፍላትም።

ባለፈው የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከፈትኩት፣ ከስሜ በቀር ሁሉም ሶማሊኛ ነው። ተንኮሏ ገረመኝ። ወርሳሜ ሱቅ ሄጄ አሰማሁት። ሳሙና እየደረደረ አዳመጠና ነገረኝ። ቢሮው ሌላ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሊባን ከረመዳን በኋላ በስልክ ያናግርሻል፤ እኔ ግን ልተረጉምልሽ አጠገብሽ አልቀመጥም፣ ከዛሬ ጀምሮም በአማርኛ አላናግርሽም ትላለች አለኝ። ከዚያ እጁን አነሳና መጨረሻውን ቃል በቃል ተረጎመልኝ።

"ያን ቀን ሰውየው፣ ኑሀሚን ያለ አንቺ ትችላለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትችላለች አልኩት። እሱ አላመነኝም። አንቺም አላመንሽኝም።"

አቦ! ይኼኛው ከሥራው በላይ አናደደኝ። ሥራውን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ደግነቱንም እሷው ልትወስደው?

ወርሳሜ ምን ልበልልሽ ብሎ ስልኬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ላቀብለው ነበር። መልሼ ሳብኩት፣ አንተ አትናገርልኝ፣ አስተምረኝ አልኩት። በሰላምታ ሊያስጀምረኝ ሲል ሰላምታው ይቆይ፣ "ቀንቼብሻለሁ" እንዴት ይባላል አልኩ። ሳሙናውን አስቀመጠ። ቅናት በሶማሊኛ ሂናሴ ነው ብሎ ጀመረልኝ። ደንበኛ እያስጠበቀ፣ ምላሴ እስኪፈታ አብረን ደጋገምነው። ከዚያ በራሴ ድምፅ ቀዳሁና ላክሁላት።

መልሷ ወዲያው መጣ። ረጅም ነው፣ ይሮጣል፣ መሀሉ ላይ ሳቋ አለ፣ ከሳቋ በኋላ ድምፅዋ ይቀንሳል። ወርሳሜ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተው አልኩት። ወጥቼ ግድግዳው ጥላ ስር ቆምኩና ደግሜ ደጋግሜ ከፈትኩት። ከስሜ ቀጥሎ በሶማሊኛ "እኔም" የሚለውን ቃል ለየሁ፣ ገበያ ውስጥ ሲባል እሰማዋለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ሂናሴ የሚለው አለ።

ኻድራ በእኔ ትቀናለች። በምኔ እንደምትቀና ግን ገና አልገባኝም።